ሞተዋል የተባሉት ነቀዞች

የእስከዳር ሙከራ ገደል ገባ። መሞት የሌለባቸው ነቀዞች ሞቱ።

የመመረቂያ ጥናቷ የባሕር ዛፍ ቅጠል ዱቄት ስንዴ ውስጥ የገባ ነቀዝን ይገድል እንደሆነ ማወቅ ነበር። በማርማላታ ጠርሙሶች ስንዴና ነቀዝ ጨምራ፣ ግማሾቹ ላይ ዱቄቱን ነሰነሰች፤ ግማሾቹን ለማነጻጸሪያ ያለ ዱቄት ተወች። ዱቄት የነካቸው ሞቱ፤ ደስ አላት። ከዚያ ያልነካቸውንም ሞተው አገኘቻቸው። እነዚያ እንዲሁ የሚሞቱ ከሆነ ዱቄቱ ምን ሠራ ሊባል ነው? አማካሪዋ ዶክተር ማርያማዊት፣ ሰኞ ጠዋት የሚታይ ነገር ካላመጣች ርዕሱን እንደሚሰርዙት ነግረዋታል። ዛሬ ቅዳሜ ነው።

ጠርሙሶቹ ያሉት መርካቶ፣ እህል በረንዳ፣ የጋሼ ሙነወር መጋዘን ጓዳ ውስጥ፣ በካርቶን ተሸፍነው ነው። ጋሼ ሙነወር የአባቷ የቆየ ጎረቤት ናቸው፤ ጤፍና ስንዴ በጅምላ ይሸጣሉ። የዩኒቨርሲቲው ላቦራቶሪ ወረፋ አልደርስ ሲላት እሳቸውን ለመነች። እህል ነጋዴን «ነቀዝ አስቀምጥልኝ» ማለት ነዳጅ ማደያ ገብቶ ክብሪት ልጫር እንደማለት ነው። እሳቸው ግን ጺማቸውን አሻሹና፣ «አንዱ ቢያመልጥ አንቺኑ ነው ጆንያ ውስጥ የማስርሽ» ብለው ጓዳውን ሰጧት።

ከሰዓት በኋላ እስከዳር የጓዳውን የብረት በር እንደ ልማዷ በእግሯ ገፍታ ገባችና ድው አድርጋ ዘጋችው።

«ኧረ በሩን!» አሉ ጋሼ ሙነወር ከፊት ካለው ሱቃቸው። «ምን አድርጎሽ ነው የምትደበድቢው?»

«ይቅርታ ጋሼ፣ ቸኩዬ ነው።»

«መቼ ሳትቸኩይ መጥተሽ ታውቂያለሽ?»

ዱቄት የሌለበትን አንዱን ጠርሙስ አንስታ ወዘወዘችውና ትሪ ላይ ገለበጠችው። ነቀዞቹ እግራቸውን ሰብስበው፣ እንደ ኑግ ፍሬ በስንዴው መሃል ተበተኑ። የሚንቀሳቀስ የለም። እንደ ሁልጊዜው «ሞተዋል» ብላ ልትነሳ ስትል ጋሼ ሙነወር ኮፍያቸውን እያደረጉ ብቅ አሉ።

«ፕሮፌሰር፣ ሰላት ደርሷል። የዚህ በር ቁልፍ ተሰብሯል፤ ልጆቹ ደግሞ ጭነት ሊያራግፉ ወጥተዋል። መስጊድ ደርሼ እስክመለስ ቁጭ ብለሽ ጠብቂ።»

«ጋሼ፣ እኔ'ኮ መሄድ አለብኝ! ሁሉም ሞተዋል። ሌላ ርዕስ ልፈልግ።»

«ከሞቱማ ምን ያስቸኩልሻል? ቁጭ በይ።»

ባዶ ጆንያ ላይ ቁጭ አለች፣ ተናዳ። ከእህል ጆንያው ክምር ኋላ ኔትወርክ የለም፤ ስልኳን ወደ ላይ ወደ ታች ብታደርገውም አልሆነም። ውጭ ተሸካሚዎች «ዞር በል! ዞር በል!» ይላሉ። የቀራት ትሪውን ማየት ነው።

አንዱ ነቀዝ እግሩን ዘረጋ።

ዓይኗ ያታለላት መሰላት። ጎንበስ ስትል ትሪውን በጉልበቷ ነካችው፤ ነቀዙ እንደገና ድርቅ አለ። አሁን ትንፋሿን ያዘች። ከቆይታ በኋላ አንድ እግር፣ ከዚያ ሌላ እግር ብቅ አለ፤ ነቀዙ ተገላበጠና ምንም እንዳልተፈጠረ በስንዴው መሃል መንገዱን ቀጠለ። ቀጥሎ ጎረቤቱ። ቀጥሎ ትሪው ሙሉ ተንቀሳቀሰ።

አልሞቱም። ሲነኩ የሞቱ መምሰል ልማዳቸው ነው። እሷ ደግሞ በር ደብድባ፣ ጠርሙስ ወዝውዛ፣ አንዴ ዓይኗን ጣል አድርጋ ትሮጣለች። ለሳምንታት የመዘገበችው፣ ነቀዞቹ እሷ ስትመጣ የሚያደርጉትን ነበር።

ዱቄት ያለበትን ጠርሙስ ሌላ ትሪ ላይ አፈሰሰችና ጠበቀች። ጥቂቶቹ ተነሱ። ጠበቀች። አብዛኞቹ እንደተጋደሙ ቀሩ። ሳቅ አመለጣት። የእስከ ዛሬው መዝገብ በሙሉ የሚጣል ነው፤ ሥራው ከመጀመሪያው ሊደገም ነው። ጥያቄዋ ግን ተርፏል፤ ሰኞም የምታሳየው ነገር አላት፦ ስህተቷን፣ ከነምክንያቱ።

ጋሼ ሙነወር ሲመለሱ ጣቷን አፏ ላይ አድርጋ ጠበቀቻቸው።

«ምንድነው? የተኛ ሰው አለ?»

«በቀስታ ጋሼ። ይሄን ይዩ።» ትሪውን መታ አደረገችው፤ ሁሉም ተዘረሩ።

«ገደልሻቸው!»

«ትንሽ ይጠብቁ።»

ሁለቱም አጎነበሱ። የመጀመሪያው ሲነሳ ጋሼ ሙነወር ጭንቅላታቸውን ያዙ።

«ወላሂ ይሄ የመርካቶ ነቀዝ ነው! ደንብ አስከባሪ ሲያይ ሸራውን ጠቅልሎ መንገደኛ እንደሚመስለው ሸቃይ! ዕድሜዬን ሙሉ ስጨፈልቀው ኖሬ ይሄን አላየሁም።»

«እኔም እያጠናሁት አላየሁም።» እስከዳር ምስጋና ማስረዘም አይሆንላትም፤ ቢሆንም ቀና ብላ አየቻቸው። «ቁጭ በይ ባይሉኝ ኖሮ ዛሬ ሁሉንም ጥዬው ነበር። እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። ለጓዳውም።»

«እኔ በሩን ጠብቂ ነው ያልኩሽ!»

«እሱንም ጠብቄያለሁ።»

ነቀዞቹን ወደየጠርሙሳቸው መልሳ፣ የጠርሙሶቹን አፍ በሻሽ አስራ፣ ካርቶኑን አለበሰቻቸው። ቦርሳዋን አንግታ ወጣች። የብረቱን በር በሁለት እጇ ያዘችና፣ ጋሼ ሙነወር እንኳ ሳይሰሙት፣ ቀስ አድርጋ ዘጋችው።