የጣሪያው በር

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ፀሐይ ስለካ የኖርኩ ሰው ነኝ። ሰው ሥራውን እንዲህ ብሎ ሲያወራ ሰሚው እንደሚስቅ አውቃለሁ፤ በብሔራዊው የሕዋ ምርምር ማዕከል ውስጥም ሲስቁብኝ ነው የኖሩት። ጥበቃዎቹ ጠዋት ጠዋት "አባ ፀሐይ፣ ዛሬ ስንት ኪሎ መዘነች?" እያሉ ነበር የሚያስገቡኝ። በቀን አራት ጊዜ ዋናው ሕንፃ ጣሪያ ላይ እወጣለሁ፣ ጡብ የምታክለዋን መለኪያ ወደ ፀሐይ አቀናለሁ፣ የብርሃኑን መጠን አንብቤ መዝገብ ላይ እጽፋለሁ። ብርሃኑ ከቀነሰ አየሩ ውስጥ አቧራ ወይም ጭስ በዝቷል ማለት ነው። በቃ፣ ሥራዬ ይኸው ነበር።

ልጄን ያሳደግኳት እዚያ ጣሪያ ላይ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። እናቷ ከሞተች በኋላ ከትምህርት ቤት በቀጥታ ወደኔ ትመጣ ነበር። ዘጠና አራቱን የብረት ደረጃ ቀድማኝ ትወጣና በሩ ላይ እጇን ዘርግታ ትጠብቀኛለች፤ ጓጉንቸሩን የምትከፍተው እሷ ነበረች። የስምንት ዓመት ልጅ ሳለች አንድ ቀን ደመና ፀሐይዋን ሸፈናት። "አባዬ፣ የትናንቱን ጻፈው፤ ማን ያውቃል?" አለችኝ። ጆሮዋን ቆንጠጥ አድርጌ "ያላየሽውን አትጻፊ" አልኳት። ከዚያ ሌላ ቁም ነገር የመከርኳት አይመስለኝም፤ ይቺን አንዷን ግን እንደ ጸሎት ያዘቻት።

አድጋ እዚያው ማዕከል ለዶክትሬት ጥናቷ ስትመጣ ከግቢው ማዶ ባለው ሕንፃ ቢሮ ተሰጣት። እኔ ያኔ ጣሪያ መውጣት ካቆምኩ ቆይቻለሁ።

ቀኝ ጉልበቴ ነው የከዳኝ። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዲሉ፣ በዚያው ወር አዲስ ዳይሬክተር መጣና "ሥራውን በአካል መወጣት ያልቻለ በክብር ይሰናበታል" የሚል ማስታወቂያ ለጠፈ። ክብሩን አውቀዋለሁ፤ አንድ የግድግዳ ሰዓትና ጭብጨባ ነው። ስለዚህ መለኪያዬን ይዤ ሁለተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ቆምኩ። ፀሐይዋ እንደሆነች ያው ናት፣ ማን ይጎዳል አልኩ። መዝገቡ ላይ "የልኬት ቦታ" የሚል ዓምድ አለ። እንደ ልማዴ "ጣሪያ" ብዬ ጻፍኩ። በቀን አራት ጊዜ፣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ "ጣሪያ" ብዬ ጻፍኩ።

ከበረንዳው ሥር ጄኔሬተር አለ። የኮምፒውተር ክፍሉን ለማቀዝቀዝ ከሰዓት በኋላ ያስነሡታል፤ ጭሱ ግድግዳውን ታክኮ ይወጣና በረንዳው ፊት ይበተናል። ጣሪያው ጋ አይደርስም። ይሸተኝ ነበር፣ አልክድም። ስለ ልኬቱ ግን አላሰብኩም። ሰው መደበቅ ሲጀምር የሚያስበው ስለ መደበቁ ብቻ ነው።

አንድ እሑድ ጠዋት ልጄ ኮምፒውተሯን ቁርስ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችና "አባዬ፣ ና ጉድህን እይ!" አለችኝ። የኔን ቁጥሮች ወደ አቧራ መጠን ለውጣ በሥዕል አውጥታቸዋለች። መስመሩ ሃያ ሁለት ዓመት ለጥ ብሎ ሄዶ ሄዶ፣ ከዘጠኝ ዓመት በፊት ላይ ሲደርስ ድንገት ሽቅብ ይዘላል።

"የሚጨምረው ከሰዓት በኋላ ብቻ ነው" አለች። "ከሩቅ የሚመጣ አቧራ ነው፤ የነፋሱ መንገድ ተለውጧል። ካንተ በቀር ያየው የለም'ኮ!"

"ሳተላይቱስ?" አልኳት።

"እሱማ አያየውም። የሳተላይት ክፍሉ ኃላፊ 'የሽማግሌው ዕቃ አርጅቷል' ይላል። ዕቃውን አስፈትሼዋለሁ፣ ደህና ነው። ሰውየውን ደግሞ እኔ አውቀዋለሁ አልኩት።" ሳቀች። "ላም አለኝ በሰማይ የሚሉት እነሱ ናቸው፤ የኔ ላም ጣሪያ ላይ ናት።"

ከዚያ የጽሑፏን የመጀመሪያ ገጽ አሳየችኝ፤ ባዶ ገጽ መሐል ላይ ሁለት መስመር ብቻ፦

ለአባቴ
ያላየሽውን አትጻፊ

መናገር የነበረብኝ ያኔ ነው፣ ሻዩ ሳይቀዘቅዝ። ፈራሁ። ሆድ ይፍጀው ብዬ "ጎበዝ" አልኳት። እሷም የጉልበቴን ቅባት አምጥታ እግሬን ጭኗ ላይ አሳረፈችና "በዚህ ጉልበትህ ያን ሁሉ ደረጃ!" እያለች አሸችኝ።

ሐሙስ ዕለት ሥራዋን ለፈታኞቿ አቀረበች። አዳራሹ ጢም ብሏል፤ እኔን እንደ ሙሽራ አባት ፊት ወንበር አስቀምጠውኛል። ስትጨርስ የሳተላይት ክፍሉ ኃላፊ ተነሣ።

"አንድ ጥያቄ ነው ያለኝ። ዘጠኙም ዓመት ከጣሪያው ላይ መለካቱን እርግጠኛ ነሽ?"

"መዝገቡ አለ። ለኪውም ይኸው" አለችና ወደኔ ዞረች። "አባዬ፣ ንገራቸው።"

አዳራሹ በሙሉ አየኝ። "ከጣሪያው ነው" አልኩ።

ነገሩ እዚያ ላይ ቢያበቃ ዋሾ ሆኜ በሰላም እሞት ነበር። ልጄ ግን እልኸኛ ናት፤ የወረሰችውም ከኔ ነው። "አሁን ዘጠኝ ሰዓት ነው፣ ፀሐይም አለች። እንውጣና እፊታችሁ ይለካ!" አለች።

ሦስቱ ፈታኞችና ኃላፊው ተነሡ። "ጋሼ፣ ይምሩን" አሉኝ። ልጄ በክንዴ ሥር ገብታ ደገፈችኝ። ስድሳኛው ደረጃ ላይ ስንደርስ "ልጄ፣ እንመለስ" አልኳት ቀስ ብዬ።

"አይዞህ፣ ትንሽ ነው የቀረህ" አለችኝ።

ጓጉንቸሩ ዝጎ ከሰንሰለቱ ጋር አንድ ሆኗል። እርግብ መቃኑ ላይ ጎጆ ሠርታ ኩሷ ደፉን አንጥቶታል። ልጄ ጓጉንቸሩን ሳታይ እንደ ልጅነቷ እጇን ዘረጋችልኝ፤ ቁልፉን ስጠኝ ማለቷ ነው። ቁልፉ የት እንደገባ እንኳ አላውቅም። እጇ እንደተዘረጋ ቆየ፤ ከዚያ በሩን አየች፤ ጓጉንቸሩን ነካችው፤ ጣቶቿ ላይ የቀረውን ዝገት አየች።

"ከየት ነው?" አለችኝ።

"ከሁለተኛ ፎቅ በረንዳ።"

ፊቷ ላይ ስታሰላ አየኋት። "ጄኔሬተሩ" አለች ለራሷ። ወደ ሰዎቹ ዞረች። "ልኬቶቹ ከዚህ አልተወሰዱም። ሥራዬን ከፈተናው አንሥቻለሁ።" ኃላፊው መሳቅ ይችል ነበር፤ ጫማውን ብቻ አየ። አለመሳቁ ይበልጥ አቃጠለኝ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። የኔው የጠራው በጠራራ ፀሐይ ነው።

የግድግዳውን ሰዓት ሰጡኝ፤ ጭብጨባ አልነበረም። ልጄ ሌላ ሁለት ዓመት ደክማ በሃያ ሁለቱ ዓመት ልኬት ብቻ ጥናቷን ጨረሰች። ቤት መምጣቷን አልተወችም። ቅባቱን ታመጣለች፣ ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጣለች፤ አታሸኝም።

ባለፈው ሳምንት የታተመውን የጥናቷን ጥራዝ ከቅባቱ ጎን ትታልኝ ሄደች። ገጽ ሠላሳ ላይ "የመጨረሻዎቹ ዘጠኝ ዓመታት ልኬቶች፣ ለኪው ቦታውን በሐሰት ስለመዘገበ፣ ተጥለዋል" ይላል። አልተቀየምኳትም፤ ያየችውን ነው የጻፈችው።

ወደ መጀመሪያው ገጽ የተመለስኩት ፈርቼ ነው። "ያላየሽውን አትጻፊ" የሚለው ቦታው ላይ አለ። "ለአባቴ" የሚለው የለም።