ሁለት ቋጠሮ

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር፤ ውጭ የላስ ቬጋስ የሐምሌ ፀሐይ የመኪና በር አላስነካ ብሏል።

ውስጥ ግን አመሻሽ ነው። በሆቴሉ ጣሪያ ላይ የተሳለው ሰማይ ሐምራዊ ደመና ተሸክሟል፤ ከሥሩ ጠባብ ወንዝ፣ በወንዙ ላይ ድልድይ፣ ከድልድዩ ሥር ባለ መስመር ሹራብ የለበሱ ቀዛፊዎች።

«ይኸው እማዬ፣ ቬኒስ! ያውም ያለ ቪዛ» አለ ሶፎንያስ። ካዚኖ ውስጥ ካርታ አዳይ ነው፤ ለዛሬ ሲል ሺፍቱን ከጓደኛው ጋር ተቀያይሯል።

«ያምራል ልጄ» አሉ ወይዘሮ ገንዘቤ። ዓይናቸው ግን ውሃው ላይ አላረፈም፤ ከሱቅ መስኮት ወደ ሱቅ መስኮት ይሮጣል።

ነገ ጥሎሽ ነው። ሻንጣው በሙሽራዋ ዘመዶች ፊት ይከፈታል፤ ቀሚሱና ወርቁ እየወጣ ይታያል፤ ጫማው እዚያው እግሯ ላይ ይጠለቃል። ቀሚሱንና ወርቁን ከአዲስ አበባ ይዘው መጥተዋል። የቀረው ጫማው ነበር። ለእሳቸው ጥሎሽ የመጣው ጫማ ጠቧቸው ተረከዛቸው ውጭ ቀርቶ፣ አንድ አጎታቸው «ጫማውን እናስፋው ወይስ እግሯን እንሞርደው?» ብለው ቤቱን በሳቅ ሞልተውት ነበር። ያ ሳቅ ዛሬም ድረስ ከጆሯቸው አልወጣም። በልጃቸው ሙሽራ ላይ ማንም እንዲያ አይስቅም።

ልኩን ይዘዋል። ባለፈው ሳምንት ማውንተንስ ኤጅ በሚባለው ሰፈር፣ ሙሽራዋ ሐሴት ቤት ተጋብዘው ሄደው፣ በር ላይ ከተደረደሩት ጫማዎች መካከል ቡናማዋን አንስተው፣ ከነጠላቸው ጫፍ በመዘዙት ክር ለክተው ቋጥረውታል። አሁን ክሩ ጣታቸው ላይ ተጠምጥሟል። ሙሽራ ጥሎሿን ቀድማ አታይም። ሙሽራዋ ግን ከጠዋት ጀምሮ ክንዳቸውን አልለቀቀችም።

«እማማ፣ ጄላቶ ትፈልጊያለሽ?» አለች ሐሴት፣ ወደ አይስክሬም መሸጫው እየጠቆመች። የተወለደችው እዚሁ ላስ ቬጋስ ነው።

«ይፈልጋሉ ነው የሚባለው» አላት ሶፎንያስ።

ሐሴት ወደ ኋላዋ ዞር ብላ አየች። «ሌላ ማን አለ?»

ወይዘሮ ገንዘቤ ሳያስቡት ሳቁ። «ተዋት አንተ! እንዳሻሽ ጥሪኝ ልጄ።»

የጀልባው ሰልፍ ረጅም ነበር። «ሽንት ቤት ደርሼ ልምጣ» አሉ።

«አብሬ ልምጣ?»

«ምን በወጣሽ! ምልክቱን አውቀዋለሁ።»

ሱቁን ሲያልፉ አይተውት ነበር። ከመስኮቱ ነጩን ጫማ በጣታቸው ጠቆሙ፤ ሻጯ ካመጣችላቸው መካከል አንዱን ክሩ ከተረከዝ እስከ ጫፍ ሞላው። ሶሉ ላይ የጣሊያን ስም ታትሟል። ካርቶኑን ሰፊው ቦርሳቸው ውስጥ ከተው ወጡ።

ወጡና መንገዱ ጠፋባቸው። ድልድዩ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። ያው የጭንብል መሸጫ ደጋግሞ ፊታቸው ይደቀናል። ቀና ቢሉ ሰማዩ አሁንም አመሻሽ ነው፤ ደመናው ከቦታው ንቅንቅ አላለም። ቆዩ ወይስ አልቆዩም? እርምጃቸውን ሲያፈጥኑ የባዶ እግር ሩጫ ሰሙ።

«እማማ!» ሐሴት ተረከዘ ረጅም ጫማዋን በእጇ አንጠልጥላለች፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «የት ሄድሽ? ሴኪዩሪቲ ሁሉ ጠራሁ!»

«ሰው በዝቶ ነው ልጄ፣ ሰው በዝቶ።»

ጀልባው ላይ ሐሴት ከፊታቸው ተቀምጣ የቆሰለ እግሯን ዘረጋች። ወይዘሮ ገንዘቤ አዩት። የልጅ እግር ነው፤ ጣታቸው ላይ ከተጠመጠመው ክር በብዙ ያንሳል።

«ያቺን ቡናማ ጫማሽን አድርገሽ ብትመጪ ኖሮ» አሉ፣ ድምፃቸውን እንደምንም አረጋግተው፣ «በር ላይ ያየኋትን።»

«ቡናማ? እሷ የአርያም ናት፣ አብራኝ የምትኖረው ሩምሜቴ። ለእኔ እንደዚህ ጀልባ ነው የምትሆነው!»

ሶፎንያስ ሳቀ። እሳቸው የሰሙት ግን ያንን የድሮውን ሳቅ ነበር።

«ይመልሰን በለው» አሉት ወደ ቀዛፊው እየጠቆሙ።

«ምን ሆንሽ እማዬ? ገና ይዘፍንልናል እኮ።»

ቀዛፊው ዘፈኑን ጀመረ። ጀልባው እንደ ቀርፋፋ በሬ ይጎተታል። ሱቁ በስተግራቸው መጣ፤ አለፈ። ወይዘሮ ገንዘቤ የጀልባውን ጠርዝ ጨበጡ፤ ለቀቁ።

«እስቲ እግርሽን ስጪኝ፤ ልሽልሽ።»

እግሯን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ነጠላቸውን አለበሱት። በአንድ እጃቸው ያሻሉ፤ በሌላው፣ ከነጠላው ሥር፣ ክሩን ከተረከዝ ወደ አውራ ጣት ሳቡት። ሊቋጥሩት ሲሉ ሐሴት ኮርኩሯት እግሯን ሰበሰበች። ጎንበስ አለች። የክሩ ጫፍ ከነጠላው ሥር ወጥቷል። ከተከፈተው ቦርሳ ውስጥ የሱቁ ስም የታተመበት የካርቶን ጥግ ይታያል።

ወይዘሮ ገንዘቤ ቦርሳውን በክርናቸው ወደ ኋላ ገፉ።

ሐሴት እግሯን መልሳ ዘረጋች፤ ፊቷን ወደ ጣሪያው አቀናች። «ሰማዩ… ያምራል» አለች። ወይዘሮ ገንዘቤ ሁለተኛውን ቋጠሮ ቋጠሩ፤ ጀልባው እስኪቆም ሐሴት ዓይኗን አላወረደችም።

እንደ ወረዱ ወይዘሮ ገንዘቤ ቦርሳቸውን አቀፉ። «ሽንት ቤት…»

«አሁንም? እማዬ፣ አሞሻል እንዴ?»

«ሶፊ፣ ተው» አለች ሐሴት እጁን ይዛ። «መንገዱን ያውቃሉ።»

ሻጯ ካርቶኑን ተቀበለች፤ ክሩን ከፍ አድርጋ ሁለቱን ቋጠሮዎች አየች። ወደ ጓዳ ገብታ አነስ ያለ ካርቶን ይዛ ተመለሰች። ወይዘሮ ገንዘቤ ክሩን እንደገና ዘረጉ፤ ከተረከዝ እስከ ሁለተኛው ቋጠሮ፣ ልክክ አለ።

ቀና ብለው በመስኮቱ ወደ ውጭ አዩ። ከወንዙ ማዶ፣ ድልድዩ ደረጃ ላይ፣ ሶፎንያስ ወደዚህ ሊዞር ሲል አንድ እጅ አገጩን ይዞ መለሰው። ሐሴት ለሱቁ ጀርባዋን ሰጥታ ተቀምጣ ነበር።