የረቡዕ እሳት

«ልጄ፣ ጊዜው እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ግን እሳቷ ጠፋች» አሉ አሮጊቷ ቲቸር፣ ወደ ጆሮዋ ጎንበስ ብለው።

በሹክሹክታ መናገራቸው ነበር። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ መጨረሻ ወንበር ላይ ለተቀመጠ ተማሪ ሲናገር የኖረ ጉሮሮ ግን ሹክሹክታ አያውቅም። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ በተደረደሩት ወንበሮች ላይ የተቀመጠው ለቀስተኛ ሁሉ ሰማ። በሩ አጠገብ ስለ ጉንፋን ሲያወሩ የነበሩት ሁለት ሰዎች እንኳ ዝም አሉ።

«ደግሞ ጠፋች?» አለች ጎረቤቲቱ፣ የሻይ ትሪዋን እንደያዘች። «በዚህ ወር ስንተኛዋ ነው?»

«አራተኛ» አሉ ቲቸር፣ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው።

ልጅቷ ፊቷ ጋለ። አባቷ ከተቀበረ ገና ሁለተኛ ቀኑ ነው። ሰው ሲገባ ትነሳለች፣ «ያጽናሽ» ሲሏት «አሜን» ትላለች፣ ትቀመጣለች። ከዚያ ያለፈ ቃል ከአፏ አልወጣም፤ እንባም ከዓይኗ አልወጣም። ድሮም በዚህ ቤት ለሰው የሚሆን ወሬ የነበረው አባቷ ነው። ምድጃ ሊጠግን የሰው ቤት ሲሄድ ገና ከደረጃው ጀምሮ ያወራል፤ የባልየውን ወገብ፣ የልጁን ፈተና፣ የድመቷን ጤና ሳይቀር ይጠይቃል። እሷ ደግሞ ሱቁ ውስጥ ከኋላ ቁጭ ብላ፣ እንደ ፀጉር በቀጠነ ሽቦ የጋዝ ቀዳዳ ስትጠርግ ትውላለች። በዚህ የተነሳ «መርፌ» ይላት ጀመር። ሰፈሩም በዚያው ጠራት።

ጠፋች የተባለችው እሳት የጣት ጥፍር ታህላለች። በጋዝ ምድጃው መካከል፣ ከላይኛው ክዳን ሥር፣ ቀን ከሌት የምትነድ ትንሽ ነበልባል ናት። ማዞሪያውን ሲያዞሩት የሚወጣውን ጋዝ ወዲያው ተቀብላ ታቀጣጥለዋለች። ክብሪት ፍለጋ የለ፤ ክብሪቱ እስኪገኝ ጋዙ ቤቱን ሞልቶ መደንገጥ የለ። ሙያተኛው ፓይለት ይላታል። አባቷ ግን «ዘበኛዋ» ነበር የሚላት። እሷ ብትጠፋ እንኳ፣ አጠገቧ የቆመች ቀጭን የመዳብ ዘንግ ሙቀቱ ሲርቃት ጋዙ ከመነሻው እንዲዘጋ ታደርጋለች። የቲቸርን ምድጃ ዘበኛ፣ ዘንጓን ቆልምማ፣ ቀዳዳዋን በልክ ወግታ፣ ከሀ እስከ ፐ የሠራችው መርፌ ናት። ማንም ሳይነካላት የጨረሰችው የመጀመሪያ ሥራዋ።

ያቺ እሳት ታዲያ ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ በየሳምንቱ ስትጠፋ ኖረች።

ረቡዕ በመጣ ቁጥር ስልኩ ይጮሃል፤ አባቷ ቦርሳውን አንግቶ ይወጣል። ሲመለስ በሩ ላይ ትጠብቀዋለች።

«ምን ሆና ነው?»

«ምንም። ሥራሽ ደህና ነው።»

«ደህና ከሆነ ለምን ጠፋች?»

«አንቺ ደግሞ! እራት የለም እንዴ በዚህ ቤት?»

ዘንጓን ሁለት ጊዜ ለውጣ ሰጥታዋለች። ቀዳዳዋን ሦስት ጊዜ እንደ አዲስ ሠርታለች። እንደምንም ደፍራ «እኔው ሄጄ ልያት» ስትለውም «ለቲቸር እኔ እበቃለሁ» ብሎ አሳቀቃት። እሷም የባሰ ጥፋት ስላለ ነው የሚደብቀኝ አለች በልቧ።

አጎቷ ወንበሩን ወደ እሷ አስጠጋ። የአባቷ ታናሽ ነው፤ አናጢ። እጆቹ መጋዝና ሙጫ ይሸታሉ፤ ክፋት አያውቅም፤ ችግሩ ያሰበውን ሳይናገር ማደር አለመቻሉ ነው።

«ይኸው እንግዲህ» አላት። «ይሄን ነው የምልሽ። የኔ ልጅ፣ እኔ የሠራሁት ወንበር ቢነቃነቅ ሰው ቂጡን ይመታል፤ ተነስቶ ይሰድበኛል፤ አለቀ። ያንቺ ቢነቃነቅ ቤት ነው የሚነደው።»

«አውቃለሁ ጋሼ።»

«ሱቁን ልከራይ ያለን ፀጉር አስተካካይ ዓርብ ይመጣል። ቁልፉን እንስጠውና ይረከብ። አንቺ እኔ ጋ ትመጫለሽ። ቀለም መቀባት አለ፣ ማለስለስ አለ። ደግሞ እንጨት አይፈነዳም።»

የሱቁ ቁልፍ የቀሚሷ ኪስ ውስጥ ነበር። እሱ ሳይጠይቃት በፊት፣ ቀብሩ ላይ ቆማ፣ በሐሳቧ ሰጥታ ጨርሳዋለች። የመጀመሪያ ሥራዋ እንዲህ ከሆነ፣ ከኋላዋ አባቷ ሳይኖር ሁለተኛውንና ሦስተኛውን በማን ቤት ላይ ትሞክረው? ሥራውን ግን ትወደዋለች፤ ከሱ ሌላ የምትወደው ነገር ቢቆጠር ሁለት አይሞላም።

ተነሳችና የአባቷን ቦርሳ ከበሩ ጀርባ አወረደች።

«ከለቅሶ ቤት መፍቻ ተሸክሞ የሚወጣ ሰው ያየሁት ዛሬ ነው» አለ አንዱ፣ ለጎረቤቱ።

«ተዋት፣ ትሂድ» አለ አጎቷ። «መርፌ፣ ለነገሩ አትድከሚ፤ ዝጊላቸውና ነይ። ደህና ባለሙያ እናፈላልጋለን።»

እሷም የወጣችው ልትዘጋው ነበር።

የቦርሳው ማንገቻ በአባቷ ቁመት ልክ ስለረዘመ በየእርምጃዋ ጉልበቷን ይመታታል። ቲቸር ከጎኗ ይራመዳሉ። መንገዱ አጭር ነው፤ ዳቦ ቤቱን፣ ልብስ ማጠቢያውን፣ ከዚያ አራት ፎቅ ደረጃ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቲቸር ለመተንፈስ ቆሙ፤ ድንገትም የፀጉሯን ሹሩባ አይተው ፈገግ አሉ።

«አሁን ማን ይሠራሻል?»

«እኔው ነኝ።»

«ክፍሌ የነበርሽ ጊዜ ጉድ ነበር እኮ።»

ጉድማ ነበር። እናቷ ስትሞት ዘጠኝ ዓመቷ ነው። አባቷ ስለ ሴት ልጅ ፀጉር የሚያውቀው ነገር አልነበረም፤ ስለ መዳብ ሽቦ ግን ያውቅ ነበር። ጠዋት ጠዋት ጉልበቱ መሐል አስቀምጦ፣ ምላሱን በጥርሱ ነክሶ፣ ሽቦ እንደሚያጠነጥን ያጠነጥነዋል። ሳምንት አይፈታም። ቅንድቧ ወደ ላይ ተወጥሮ ቀኑን ሙሉ የተደነቀች ትመስላለች። ክፍል ውስጥ ልጆቹ «በመፍቻ ነው የሠሩሽ?» ሲሏት አለቀሰች። ያን ጊዜ የክፍሏ አስተማሪ፣ እኚሁ ቲቸር፣ አባቷን አስጠርተው ከትምህርት በኋላ የገዛ ፀጉራቸው ላይ አለማመዱት። አንድ ትልቅ ሰውዬ ማበጠሪያ ይዞ፣ አስተማሪ ፊት እንደ ተማሪ አልቦት። መርፌ በመስኮት ቆማ አይታዋለች።

ወጥ ቤቱ ጠባብ ነው። ሁለት ወንበር፣ አንድ ትንሽ ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ ሁለት ስኒ። የመስኮቱ ስንጥቅ አባቷ በለመደው አወታተፍ በጨርቅ ተወትፏል። ምድጃው ላይ ውሃ የሞላ ማንቆርቆሪያ ተጥዷል፤ ነካችው፤ ቀዝቃዛ ነው።

ማንቆርቆሪያውን አነሳችና ተንበረከከች። የምድጃው ክዳን ሲነካ ተነሳ፤ የሚያጠብቁት ብሎኖች የሉም። ብሎኖቹን ያገኘቻቸው ጠረጴዛው ላይ፣ በስኳር ዕቃው ጎን፣ ጠርሙስ ውስጥ ነው። ክዳኑን በየሳምንቱ መፍታት የሰለቸው ሰው ሥራ መሆኑ ያስታውቃል።

ቀዳዳዋን አየች፤ ንጹሕ ነው። የመዳብ ዘንጓ ጫፍ እሳቱ በሚያገኛት ልክ ቆማለች። ከሥር ያለውን ቁልፍ ተጭና፣ ክብሪት ጭራ አስጠጋች፤ መዳቡ እስኪሞቅ ጣቷን ሳታነሳ ቆየችና ለቀቀች። እሳቷ ሰማያዊ ሆና፣ ቀጥ ብላ ቆመች።

የተወተፈውን ጨርቅ አውጥታ መስኮቱን ከፈተች። አልጠፋችም። በሩን ከፍታ ንፋሱን አስገባች። እሳቷ ተጎንብሳ ተነሳች። ማዞሪያዎቹን አንድ በአንድ አዞረቻቸው፤ አራቱም ወዲያው ተቀጣጠሉ። ዘግታ እንደገና ሞከረች። ከዚያ ተረከዟ ላይ ቁጭ አለች።

«ቲቸር።»

«አቤት» አሉ ቲቸር፣ ከበሩ ሥር።

«ይቺ እሳት በራሷ አትጠፋም።»

ቲቸር እጃቸውን ወደ ኋላ አጣመሩ። የቤት ሥራውን ሳይሠራ የተያዘ ልጅ እንዲያ ነው የሚቆመው።

«እፍ እላታለሁ» አሉ። ይሄኛው እውነተኛ ሹክሹክታ ነበር።

«ምን?»

«እፍ። እንደ ሻማ። መጀመሪያ ጊዜ በንፋስ ጠፍታ መጣ፤ ስንጥቁን ወተፈልኝ፤ ሻይ ጠጣን፤ ሁለት ሰዓት አወራኝ። ባሌ ከሞተ ወዲህ በዚህ ቤት ውስጥ ያን ያህል የሳቀ ሰው አልነበረም። በሚቀጥለው ሳምንት ክዳኑን አነሳሁና…»

«አባዬ ያውቃል?»

«አንድም ቀን አላለኝም። ግን አንድ ረቡዕ ቀደም ብሎ ደረሰ። ገና አላጠፋኋትም ነበር። ገባ፣ አያት፣ እየነደደች ነው። ምን ልበል? አባትሽ ቦርሳውን አስቀመጠና ጀርባውን ሰጥቶኝ በመስኮት ወደ ውጭ ማየት ጀመረ። ‹ዛሬ መንገዱ ላይ ሰው በዛ› አለ። ቆየ። ቆየ። ገባኝ። እፍ አልኩ። ‹ወይኔ፣ ጠፋች እኮ!› ስለው ዞሮ ‹ይቺ ዘበኛ እንቅልፋም ናት› አለኝ።»

መርፌ አፏን በእጇ ያዘች። አባቷ ጀርባውን ሰጥቶ ሲቆም ወለል ብሎ ታያት፤ ሳቁን ለመዋጥ ትከሻው ሲነቃነቅ ሳይቀር።

«ማብራቱን ሊያስተምረኝ ፈልጎ ነበር» አሉ ቲቸር። «እጄ ይንቀጠቀጣል እያልኩ እምቢ አልኩት። ዛሬ ጠዋት ነቃሁ፤ ረቡዕ ነው፤ እጄን ታጠብኩ፣ ሁለት ስኒ አወጣሁ፣ እፍ አልኳት። ውሃ ጥጄ ጠበቅሁት።» ወደ ሁለቱ ስኒዎች አዩ። «ከጠበቅሁት በኋላ ነው ትዝ ያለኝ። ቀብሩ ላይ ቆሜ አልነበር? እንዴት ሰው ይረሳል?»

መርፌ ወንበር ስባ አስቀመጠቻቸው። አባቷ ቢሆን አንድ ነገር ይላል። እሷ ማንቆርቆሪያውን መልሳ ጣደች፤ ማዞሪያውን አዞረችና እሳቱ ሲቀጣጠል ቆማ አየች።

«እኔ ግን ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ የኔ ጥፋት መስሎኝ ነበር» አለች መጨረሻ ላይ። ድምፅዋ ትንሽ ቁጣ ነበረበት። «ሊነግረኝ ይችል ነበር።»

ቲቸር ቀና አሉ። «አልነገረሽም? ‹ነግሬያታለሁ፣ ሥራሽ ደህና ነው ብያታለሁ› ነው የሚለኝ።»

«ደህና ነው ብቻ!»

«እኔን እኮ በየሳምንቱ ክዳኑን አንስቶ ያስጎበኘኝ ነበር። ‹ይሄን አቆላመም ይዩ ቲቸር። ማሽን እንዲህ ይቆለምማል? እኔ በሠላሳ ዓመቴ እንዲህ አልቆለመምኩም።› በየሳምንቱ ልጄ! እኔም እንደ አዲስ አያለሁ። አንድ ቀን ‹ለምን ለራሷ አትነግራትም?› ስለው፣ ‹አንዴ ጎበዝ ብያት ፊቷ ቀልቶ ሦስት ሽቦ ሰበረች፤ ኪሳራው አይቻልም› አለኝ።»

እውነቱን ነው፤ ሦስት ሽቦ ሰብራለች። መርፌ ሳታስበው ሳቀች። አባቷ ከሞተበት ከእሑድ ወዲህ የመጀመሪያ ሳቋ ነበርና ራሷን አስደነገጣት።

ሻዩን ጠጡ። ብሎኖቹን ከጠርሙሱ አውጥታ ክዳኑን አጠበቀች። ቲቸር ሲያዩዋት ቆይተው ተነሱና ነጠላ ጫማቸውን በደህናው ጫማ ቀየሩ።

«አብሬሽ እመለሳለሁ። ሰው ሁሉ ፊት እነግራቸዋለሁ። በኔ ጨዋታ ያንቺ ሥራ ሲታማ አልቀመጥም።»

ቤት ሲደርሱ ለቀስተኛው በዝቷል። ጎረቤቲቱ ሁለት ወንበር አስለቀቀችላቸው፤ ጎን ለጎን ተቀመጡ።

«ዘጋሽላቸው?» አለ አጎቷ።

«አልዘጋሁም። በርታለች።»

«እስከ መቼ? እስከ ረቡዕ?»

«ሳታቋርጥ ትነዳለች። በየረቡዑ ግን እየሄድኩ አያታለሁ።» ትንሽ ቆየችና «ዓርብ ሰውዬው እንዳይለፋ ንገረው ጋሼ። ቁልፉን አልሰጥም» አለች።

አጎቷ የገዛ ጠረጴዛው አፍ አውጥቶ የተናገረው ይመስል አፍጥጦ አያት።

«የኔ ልጅ፣ እንደ አባትሽ ሆኜ ነው የማወራሽ። ጥፋቱ ሳይታወቅ እንዴት—»

«ታውቋል።»

«ምንድን ነው?»

«የኔ አይደለም።» ካሰበችው በላይ ጮክ ብሎ ወጣ።

«የማን ነው ታዲያ?»

ቲቸር ጉሮሯቸውን ጠረጉ። የወንበሩን መደገፊያ ይዘው ሊነሱ ጀመሩ፤ ፊታቸው አመድ መስሏል፤ ግን ቆርጠዋል። የቤቱ ሰው ሁሉ ወደ እሳቸው ዞረ። መርፌ ጥቀርሻ የነካውን ቀኝ እጇን ጉልበታቸው ላይ አሳረፈችና ጫን አደረገችው።

«የማንም አይደለም» አለች።

ቲቸር ቀስ ብለው ወደ ወንበራቸው ተመለሱ።

አጎቷ አንዴ እሷን፣ አንዴ አሮጊቷን አየ። ሊናገር አፉን ከፈተ፤ ያሰበውን ሳይናገር ሲዘጋው ያየችው ያን ቀን ብቻ ነው። ከጎረቤቲቱ ትሪ ላይ ብርጭቆ አንስቶ ዘረጋላት።

«ያዢ። ትኩስ ነው።»

ከታላቅ ሰው የተዘረጋላትን በሁለት እጇ እንድትቀበል ነው አባቷ ያሳደጋት። ቀኟን ግን ከቲቸር ጉልበት ላይ አላነሳችም፤ ሻዩን በግራዋ ተቀበለችው። ሁለቱም እጆቿ ስለተያዙ ጉንጯ ላይ መውረድ የጀመረውን የምትጠርግበት አልነበራትም። ተወችው፤ ወረደ።