የጠራጊው ፈተና

አባ ማኅተም ከመጋዘን ኃላፊነታቸው ጡረታ ሲወጡ ጥርጣሬያቸው አብሯቸው ጡረታ አልወጣም። ጭራሽ ጊዜ አገኘና ወፈረ። በሥራ ዘመናቸው የመጋዘኑን በር በገመድ አስረው በሰም የሚያትሙት እሳቸው ስለነበሩ ስሙን ሰፈሩ አወጣላቸው። ቤት መዋል ከጀመሩ ወዲህ የሚያትሙት ቢያጡ፣ የዘይቱን ጠርሙስ በእርሳስ ማስመር፣ የመሳቢያውን አፍ በፀጉር ማጣበቅ ያዙ። ፀጉሩ የሚነቀለው ከሚስታቸው ራስ መሆኑ ሌላ ጠብ ነው።

ዘንድሮ የተጠረጠረው ጭስ ማውጫ ጠራጊው ነበር።

ነገሩን ያመጣው የልጃቸው መውለድ ነው። ባሏ ለሥራ ራቅ ብሎ ስለሄደ የብርዱን ወራት ሕፃኑን ይዛ ወይ ከወላጆቿ ጋር ወይ ከአማቷ ጋር ማሳለፍ ነበረባት። አባ ማኅተም የልጅ ልጃቸው የዚያኛውን ቤት ለምዶ እንዳይቀርባቸው ሰግተው፣ ምድጃው ያለበትን ክፍል ራሳቸው ቀለም ቀቡ፣ መጋረጃውን ራሳቸው ሰቀሉ። ልጅቱም መጣች። ገና ሻንጣዋን ሳትፈታ ግን ቁርጡን ነገረቻቸው።

"አባዬ፣ ክፍሉ ከሞቀ እንቆያለን። ጭስ ከሸተተኝ ግን ልጄን ይዤ እማማ ጋ ነው የምሄደው።"

እማማ የምትላት አማቷን ነው። ቃሏን በሰሙ ቁጥር የአባ ማኅተም ጥርስ የሚያኝከው ምግብ ውስጥ አሸዋ ያገኘ ይመስላል።

"እንግዲያው ጭስ ማውጫው ይጠረግ" አሉ ሚስታቸው።

"የሚጠረገው ብርዱ ሲያልቅ ነው፤ በዓመት አንዴ። ዘንድሮ መቼ ነደደበትና?"

"ያምናው ጥቀርሻ የት ሄደ? ተነነ? አምና መጨረሻ ላይ የምድጃው መስታወት በነጋታው ሲጠቁር፣ በሩን ስከፍት ጭሱ ፊቴ ላይ ሲመለስ የት ነበርክ አንተ ሰውዬ?"

ጠራጊው ተጠራ። ትከሻው ሰፊ፣ ንግግሩ ፈጣን፣ ሰዓቱን ቶሎ ቶሎ የሚያይ ሰው ነው። ቧንቧው ከምድጃው ጀርባ አጭር ቁራጭ ሆኖ ይነሳና ይታጠፋል፤ ከዚያ ቀጥ ብሎ ጣራውን በስቶ ይወጣል። እጥፋቱ ላይ ያለችውን ትንሽ ክዳን ከፈተና እጁን አስገብቶ በጥፍሩ ፋቀ።

"ጋሼ፣ ቀን አይቁጠሩ፤ ጥቀርሻውን ይዩ። እርጥብ እንጨት የሚያነድ ሰው ብርዱ ሳይጋመስ ይሞላበታል፤ ደረቅ ያነደደ ከርሞም አይቸገርም። የጥፍር ጫፍ ያህል ከወፈረ ግን ይጠረጋል፤ አለዚያ አንድ ቀን እዚያው ቧንቧ ውስጥ እሳት ይነሳል። የእርስዎ ደግሞ..." ጣቱን አውጥቶ አሳያቸው። "ጥፍሬን ውጦታል። ነገ ጠዋት ረጅሙን ብሩሽ ይዤ እመጣለሁ።"

እሱ ሲወጣ አባ ማኅተም የውጭውን በር ሁለቴ ቆለፉት።

"አየሽ?" አሉ ለሚስታቸው። "የሚመረምረው እሱ፣ የሚፈርደው እሱ፣ የሚሠራው እሱ። ዕቃ ጎድሏል የሚለውም፣ የሚያስገባውም፣ የሚፈርመውም አንድ ሰው የሆነበት መጋዘን አልቆለታል። ጣራ ላይ ቆሞ ብሩሹን የቧንቧው አፍ ላይ ቢያንኳኳ ማን ያየዋል? የሚያወጣው ጥቀርሻስ የኛ ለመሆኑ ምን ማስረጃ አለ? ያንኑ ባልዲ ከቤት ቤት ይዞ የሚዞር ቢሆንስ?"

"ጥቀርሻ ተሸክሞ የሚዞረው ምን ሊሆን?"

"እሱን ነው እኔም የማጣራው።"

ማጣሪያው ተዘጋጀ። ሴቶቹ ሕፃኑን ሲያጥቡ አባ ማኅተም የድሮ የሥራ ካፖርታቸውን አንድ እጅጌ ቆረጡ፣ ቋጠሩት፣ በእጥፋቱ ክዳን አስገብተው በመጥረጊያ እንጨት ወደ ላይ ገፉት። ካሰቡት በላይ ራቅ ብሎ ገባና ተሰካ። ሐሳቡ እንደ መጋዘን ቆጠራ የጠራ ነበር፦ ሰውየው ከላይ እስከ ታች ከጠረገ እጅጌው ከጥቀርሻው ጋር ባልዲ ውስጥ ይገኛል። ካልተገኘ አልጠረገም። ለሚስታቸው አልነገሩም፤ ሚስት ትታመናለች ግን ታወራለች።

በማግስቱ ጠራጊው ጣራ ላይ ወጣ፣ ፈገፈገ፣ አሳለ፣ ወረደ፣ በክዳኗ በኩል ጥቀርሻውን ዝቆ ባልዲውን ሞላ። አባ ማኅተም "ቆይ፣ እኔ እደፋልሃለሁ" ብለው ባልዲውን ከእጁ ተቀበሉና ጓሮ ወስደው በእንጨት በተኑት። ጥቀርሻ ነው። ሌላ ምንም የለም።

ሊያስሩት የመጡ ይመስል በር ድረስ ሸኙት። "ደክመሃል" አሉት።

"ምን ድካም አለው ጋሼ፣ ሥራ ነው።"

"እሱማ ይታያል።"

አሁን ችግር መጣ። በእሳቸው ስሌት ጭስ ማውጫው አልተጠረገም፤ ውስጡ ደግሞ ጨርቅ አለበት። ስለዚህ ሊነድበት አይገባም። ግን ለምን እንደማይነድ ለመናገር እጅጌውን መናገር ሊኖርባቸው ነው፤ እጅጌውን ከተናገሩ ደግሞ ማጣሪያ መሆኑ ይቀርና ጉድ ይሆናል።

"አይነደድም" አሉ ብቻ።

"ለምን?" አለች ልጅቱ፣ ሕፃኑን በሁለት ብርድ ልብስ ጠቅልላ። "ትናንት ሳይጠረግ አይነደድም አላችሁ፤ ዛሬ ተጠረገ።"

"ይናፈስ።"

"ጭስ ማውጫ ይናፈሳል? ሥራው ሌላ ምን ሆነና!"

"እኔ የማውቀውን አውቃለሁ።"

"እማዬ፣ አባዬን ተመልከችው፤ አሁንም ምልክት ያደረገበት ነገር አለ።"

አባ ማኅተም መልስ ከመስጠት እንጨት መፍለጥ ይሻላል ብለው ወደ ጓሮ ወጡ። የሠሩት ስህተት ይኸው ነው፤ ሚስታቸው የሕፃኑን ቀዝቃዛ እግር በእጃቸው ይዘው ነበርና፣ ባላቸው ጀርባቸውን እንዳዞሩ ክብሪት ጫሩ።

ከጓሮ የተሰማው መጀመሪያ ሳል፣ ቀጥሎ የሕፃኑ ጩኸት ነው። አባ ማኅተም መጥረቢያቸውን እንደያዙ ሮጠው ሲገቡ ክፍሉ ውስጥ የሚታይ ነገር አልነበረም። ጭሱ በምድጃው በር፣ በቧንቧው መጋጠሚያ፣ በየሽንቁሩ ይወጣል። ልጅቱ ሕፃኑን በጉያዋ አቅፋ በጓዳው በር ወጥታለች፤ ሚስታቸው ውሃ እየደፉ መስኮት ይከፍታሉ።

"ያ ሌባ!" አሉ ሚስታቸው ዓይናቸው እያለቀሰ። "ያ አጭበርባሪ! አንተ እውነትህን ነበር አንተ ሰውዬ! ቆይ፣ ሰፈሩ ሁሉ ነው ዛሬ የሚሰማው፤ የማንም ደጅ ድርሽ አይልም!"

በሕይወታቸው ሚስታቸው "እውነትህን ነበር" ሲሏቸው ይህ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። አባ ማኅተም ግን አልሞቃቸውም። ሕፃኑ አሁንም ያስላል።

ጠራጊው ተጠርቶ እየሮጠ መጣ። ሚስታቸው ከበር ጀምረው አወረዱበት፤ አጎንብሶ ሰማና፣ እሳቱ ጠፍቶ ብረቱ እስኪቀዘቅዝ ጠብቆ፣ ከምድጃው ጀርባ ያለውን አጭር ቁራጭ ፈታ። ገልብጦ መታው። ጥቁር ቋጠሮ ወለሉ ላይ ዱብ አለ።

"የወፍ ጎጆ ነው?" አለች ልጅቱ ከበር ሆና።

ጠራጊው በእግሩ ገላበጠው። "ወፍ ቁልፍ አትሰፋም።"

ሚስታቸው ጎንበስ አሉ። ቁልፉን በጨርቃቸው ጠረጉት፣ ከሥሩ ያለውን ክር አዩት፣ ቀና አሉ፣ ባላቸውን አዩ። ክሩ ቀይ ነው፤ ጥቁር ክር አልቆባቸው የካፖርቱን እጅጌ ቁልፍ በቀይ የሰፉት ራሳቸው ናቸው።

"ይሄ ከላይ ነው የመጣው" አለ ጠራጊው ቀስ ብሎ። "ብሩሼ አውርዶት እጥፋቱን አልፎ ወደ ምድጃው ገብቷል። እኔ ይቺን ቁራጭ ነቅዬ ማየት ነበረብኝ። ሌላ ቤት እየጠበቁኝ ነበር፤ ሳላያት ሄድኩ።"

"ይኸው!" አሉ አባ ማኅተም ከመቅጽበት ነፍስ ዘርተው። "ሳያይ ነው የሄደው! በራሱ አፍ!"

ጠራጊው ቁራጩን ጠርጎ፣ ቧንቧውን እንደገና ከላይ እስከ ታች በብሩሽ ወርዶበት፣ መልሶ ገጠመና "አሁን ይነዳል" ብሎ ለሚስታቸው ብቻ ተናግሮ ሄደ። ልጅቱም የሕፃኑን ዕቃ ቅርጫት አዘጋጅታ ጨርሳ ነበር። እናቷ ይለምናሉ፤ እሷ ጫማዋን ታስራለች።

"ጭስ ከሸተተኝ ብያለሁ እማዬ።"

"ሰውየውን እየፈተንኩ ነበር እኮ" አሉ አባ ማኅተም።

"በማን ሳንባ?" አለች፤ ወጣች።

አባ ማኅተም በማግስቱ የልጃቸው አማት ደጅ ቆሙ። አማቲቱ ወንበር ሰጧቸው፤ ሕፃኑ ልጅቱ ጭን ላይ ተኝቷል፤ ክፍሉ ሞቋል። ልጅቱ ከተቀመጠችበት ሰላምታ ሰጠች። አባ ማኅተምም ልማድ ሆኖባቸው ምድጃውን ማየት ጀመሩ። መስታወቱ ጠቁሮ እሳቱ አይታይም።

"ይሄ ጭስ ማውጫ መቼ ነው የተጠረገው?"

"ምኑ?" አሉ አማቲቱ።

"ጭስ ማውጫው።"

"ይጠረጋል እንዴ?"

ልጅቱ ቀና አለች።

"ሃያ ዓመት ኖሬበታለሁ፤ አንድም ቀን ጥረጊኝ ብሎኝ አያውቅም" አሉ አማቲቱ እየሳቁ። ወዲያው ግን ሳቃቸውን ያዝ አደረጉት። "አሃ! ገባኝ። ልጅቱን ለመውሰድ ነው የኔን ምድጃ የሚያሙት።"

እውነት ነበር፤ ደግሞም ምድጃው በእርግጥ ቆሽሿል። አባ ማኅተም ተነስተው የምድጃውን በር ገርበብ አደረጉት። ጭሱ ዘወር ብሎ ወደ ክፍሉ ብቅ አለ። ልጅቱ ሕፃኑን ወደ ደረቷ አስጠጋች።

"ጠራጊው ይምጣና ይየው" አሉ አባ ማኅተም።

"የትኛው? ያ የከሰሱት ሰውዬ?"

"እሱ።"

"ይጠርጋል ብለው ያምናሉ?"

አባ ማኅተም በዕድሜያቸው ስለ ማንም ሰው ሥራ መስክረው አያውቁም። የመጋዘኑን ጠባቂ እንኳ "እስካሁን አልተያዘም" ነበር የሚሉት።

"ይጠርጋል" አሉ፤ ቃሉ እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሯቸውን እየቧጨረ። "ይቸኩላል እንጂ ይጠርጋል።"

"የኛን ጠርጎታል?" አለች ልጅቱ።

"ጠርጎታል።"

"ሁለቴ?"

"ሁለቴ። ዛሬ ጠዋት እናትሽ አንድዳው እኔ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ነበር። መስታወቱ እንኳ አልጠቆረም።"

"ሌላ የጨመርክበት ነገር የለም?"

"የለም።"

"ማል።"

"በዚህ ልጅ!"

ረጅም ጊዜ አየቻቸው። አስተያየቷን ያውቁታል፤ እሳቸው በመጋዘኑ በር የሚወጡትን ተሸካሚዎች ከላይ እስከ ታች የሚያዩበት ነው። ኪሳቸውን ልትፈትሽ ነው ብለው እጃቸውን ሳይታወቃቸው ከጎናቸው አራቁ።

ተነሳች። አማቷን አቅፋ፣ ምድጃዎን እስኪያስጠርጉ አያንድዱት ብላ ለመነቻቸው። ቅርጫቱን ለአባቷ አሸከመቻቸው። ልጁን ግን ራሷ ያዘች፤ እስከ ቤት ድረስም አባቷ ከኋላዋ ሳይሆን ከፊቷ፣ በምታያቸው በኩል እንዲሄዱ አደረገች።