ጓዳ ውስጥ የተሰፋ ወንበር

ወንድሟ ከሥራ ያባረራት በስልክ ነው፤ ያውም ከእሷ ጋር እያወራ ሳይሆን ከመኪና አስመጪው ወኪል ጋር። እሷ አጠገቡ ቆማ የሾፌሩን ወንበር ስፌት በጣቷ እየዳበሰች ነበር። "ፎቶውን ያወጣችውን አግኝቻታለሁ፤ የገዛ እህቴ ናት። ዛሬውኑ አሰናብቻታለሁ፣ በዚህ አትስጉ" አለ ጋሼ። ከዚያ ስልኩን ዘጋና ወደ እሷ ዞሮ፣ ምንም እንዳላደረገ ሰው፣ "የተሳፋሪው ወንበር ብዙ ይቀረዋል?" ብሎ ጠየቃት።

ደሟ ፈላ። ግን ሰው በጣም ሲናደድ አፉ ይታሰራል መሰል፣ ከአፏ የወጣው አንድ ቃል ብቻ ነበር።

"ምን?"

ቤቱ የመኪና ወንበር ልባስ የሚሠራበት ነው። አባታቸው ሲሞት ለሁለቱም ነው የተወላቸው፤ በሩ ላይ ያለው ሰሌዳ ግን ዛሬም "አባትና ልጅ" ይላል፣ ልጅ የተባለውም ጋሼ ነው። ቆዳ የምትቆርጠው፣ ስፖንጅ የምትቀርጸው፣ የምትሰፋው እሷ ናት። ጋሼ ደንበኛ ይቀበላል፣ ዋጋ ይነጋገራል፣ ያለቀውን ወንበር መታ መታ አድርጎ "እንዴት ነው ታዲያ?" ይላል። ይህንንም ቢሆን ጥሩ አድርጎ ይሠራዋል፤ አፈ ቅቤ ነው።

አስመጪው ያመጣት ስፖርት መኪና የድሮዋ መኪና ተሻሽላ የወጣች ናት። መብራቷ ጠቧል፣ ጭራዋ ቀና ብሏል፣ ጉልበቷ ጨምሯል ይባላል። ባለፈው ሞዴል በጣት የሚጫኑትን ቁልፎች ሁሉ አጥፍተው በስክሪን ተክተዋቸው ነበር፤ ገዢው ሲነጫነጭባቸው ጊዜ አሁን ቁልፎቹን መልሰው "አዲስ" አሉት። አስመጪው ለሕዝብ በሚያሳይበት ቀን ወንበሮቿ ጥቁር ቀይ ቆዳ ለብሰው እንዲታዩ ፈልጓል። እስከዚያ ቀን ድረስ ግን የውስጧን ገጽታ ማንም እንዳያይ አስምሎ ነው የሰጣቸው። ስለዚህ ጋሼ ደንብ አወጣ፤ እግሩ በሩን የረገጠ ሁሉ ስልኩን ቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ያስቀምጣል፣ የሣጥኑ ቁልፍ ጋሼ ኪስ ውስጥ ነው። ወንበሮቹ ከመፈታታቸው በፊት የውስጡን ፎቶ ያነሳው እሱ ራሱ ነው፤ የቱ ብሎን ከየት እንደወጣ እንዳይጠፋባቸው። ፎቶዎቹም የሥራ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ገቡ።

ከዚያ የመኪናዋ የውስጥ ፎቶ አንድ የመኪና ወሬ የሚያወራ ድረ ገጽ ላይ ወጣ። ወኪሉ በጠዋት ደውሎ ጮኸ። ጋሼ ፎቶውን በዓይኑ ለማየት ኮምፒውተሩን ከፈተና ብራውዘሩ ላይ የድረ ገጹን ስም መጻፍ ጀመረ። የመጀመሪያዋን ፊደል ከመንካቱ ብራውዘሩ ሙሉውን አድራሻ አቀረበለት። እሱ ያንን ገጽ በዕድሜው ከፍቶ አያውቅም። ኮምፒውተሩን ደግሞ ከእሱ ሌላ የምትነካው ክርና ማጣበቂያ የምታዝበት እህቱ ብቻ ናት። በቃ፣ ፍርዱ እዚያው ተሰጠ። ወደ ወኪሉ መልሶ የደወለውም ያኔ ነው።

"ጋሼ፣ እኔ ይህን ገጽ ከፍቼ አላውቅም" አለችው አፏ ሲፈታ።

"ታዲያ ኮምፒውተሩ ከየት አመጣው? ይዋሻል?"

"እኔስ እዋሻለሁ?"

ኮምፒውተሩን ከገዛው ገና ሁለት ዓመቱ ነው። እሷን የሚያውቃት ዳዴ ስትል ጀምሮ ነው። እንግዲህ ከሁለቱ የትኛውን እንዳመነ አያችሁ።

ይህ ሳያንስ ዓይኑን በጨው አጥቦ ሌላ ነገር አመጣ። "ተባራለች ብያቸዋለሁ፤ ሥራው ደግሞ መሃል ላይ ነው። ቀኝና ግራው በአንድ እጅ ካልተሰፋ ያስታውቃል። እዚያ ጓዳ ገብተሽ ጨርሺው። ወኪሉ ነገ ሊወስድ ሲመጣ በሩን ዝጊውና ድምፅ አታሰሚ።"

ጥላው መሄድ ትችል ነበር። ለመሄድም ቦርሳዋን አንስታ ነበር። ግን ዛሬ ከወጣች ነገ "ጥፋቷ አባረራት" ይባላል፤ ይሄንን ደግሞ አትሰጣቸውም። የስፌት መኪናዋን እየገፋች ጓዳ ገባች። ጓዳው የቁርጥራጭ ቆዳና የስፖንጅ ማከማቻ ነው፤ መስኮት የለውም፣ የማጣበቂያው ሽታ ናላ ያዞራል። እዚያ ተቀምጣ እንደ ሌባ ተደብቃ ስትሰፋ ዋለች። እያንዳንዱን ስፌት ስትረግጥ የረገጠችው ጋሼን ነው።

በማግስቱ ጠዋት የጋሼ ሚስት መጣች። ካገባችው ስንት ዘመኗ፣ ልጆቿ ጢም አብቅለዋል፤ ቤተሰቡ ግን ዛሬም "ሙሽራ" ነው የሚላት። አዲስ ስልክ ገዝታ ካርቶኑን እንደታቀፈች ነው። የቆርቆሮ ሣጥኑን አልፋ ቀጥ ብላ ጓዳ ገባች። ፎቶው ከወጣ ወዲያ የሣጥኑ ነገር ማንንም አያስጨንቅም።

"ምነው ጓዳ ከተቱሽ?" አለች ሙሽራ።

"ባልሽን ጠይቂው።"

"ጠየቅኩት። አልወደድኩለትም።" ሙሽራ ቁርጥራጭ ቆዳ ጠርጋ ተቀመጠች። "እንኪ እስቲ፣ የመጋረጃ ጨርቅ የሚሸጡበትን ገጽ አውጪልኝ። እኔ የዚህ ነገር መግቢያው ጠፍቶብኛል።"

ስፌቷን አቁማ ስልኩን ተቀበለች። ስክሪኑ ላይ ያለው ስስ ላስቲክ እንኳ ገና አልተላጠም። ብራውዘሩን ከፍታ የመጋረጃ ቤቱን ስም ልትጽፍ የመጀመሪያዋን ፊደል ነካች፤ የዚያ የመኪና ወሬ ገጽ ስምም የሚጀምረው በዚህችው ፊደል ነው። ገጹ ከነሙሉ አድራሻው ብቅ አለ።

ስልኩን ወደ ሙሽራ አዞረችው።

"ይሄን ስልክ ማን ከፈተው?"

"ማን ይከፍተዋል? አሁን ሱቁ በር ላይ ነው ከካርቶኑ ያወጣሁት። የሻጩ ልጅ ሲም ካርድ አስገባልኝ፣ አለቀ።"

አጠፋችውና ደግማ ሞከረች። ያው ነው። የብራውዘሩ ማስተካከያ ውስጥ ገብታ ስለ አድራሻ ጥቆማ የሚለውን አገኘች፤ ቀስ ብላ ለሙሽራ አነበበችላት። የሚቀርቡት አድራሻዎች ከብራውዘሩ ጋር አብረው የተጫኑ፣ ብዙ ሰው የሚያውቃቸው ገጾች ናቸው፤ ለሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ናቸው፤ ተጠቃሚው ከጎበኘው ገጽ የተወሰዱ አይደሉም፤ የሚጽፈውም ከመሣሪያው አይወጣም ይላል።

ሙሽራ "እንግዲያው የእኔም ስልክ ፎቶ አውጥቷላ" አለች።

የጋሼ እህት መሳቅ ነበረባት፤ አልሳቀችም። ሰዎች የማንንም ገመና አናወጣም ብለው፣ ተጨንቀውና ተጠበው ይህን ነገር ይሠራሉ፤ ጋሼ ደግሞ ያንኑ ይዞ በእህቱ ላይ ምስክር ያቆማል። ማሽኑ አልወነጀላትም። ማሽኑ ስለ እሷ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። የወነጀላት የእናቷ ልጅ ነው።

ስልኩን ይዛ ወጣች። ጋሼ ከመኪናዋ ጎን ቆሞ ሸራውን እያስተካከለ ነበር። ስልኩን ሰጠችው። "የገጹን የመጀመሪያ ፊደል ንካ" አለችው። ነካ። አየ። የተጻፈውን ከፍታ አስነበበችው፤ ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ አነበበ። ከዚያ ትልቅ ሸክም እንደወረደለት ሁሉ ተነፈሰና ፈገግ አለ።

"ተመስገን። እኔ እኮ ሆዴ አልተቀበለውም ነበር።"

"ሆድህ ባይቀበለውም አፍህ ተቀብሎታል። ደውልለት።"

"ለማን?"

"ለወኪሉ ነዋ።"

ፈገግታው ጠፋ። ሸራውን ደግሞ አስተካከለ፤ የሚስተካከል ነገር አልነበረውም። "ስሚ፣ እነሱ ነገሩን ዘግተውታል። አሁን ደውዬ እሷ አይደለችም ብል፣ ታዲያ ማነው ይሉኛል። እኔ ነኝ ልበል? ሥራው ከእጃችን ይወጣል። አንቺ ደግሞ የውጭ ሰው አይደለሽ፤ በቤተሰብ ነው የሚቀረው። ምን ይጎድልብሻል?"

"ስሜ ይጎድልብኛል።"

"ኧረ ባክሽ፣ ነገር አታክብጂ።"

ትናንት ሲያባርራት ተሳስቶ ነው። ተሳስቶ የሚያስቀይም ሰው ይማራል፣ ይቅር ይባላል። ይሄኛው ግን ስህተት አይደለም። አውቆ፣ አንብቦ፣ ገብቶት ነው ያላት። ሙሽራ የጓዳው በር ላይ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች፤ ባሏን የምታይበት ዓይን የሚወደድ አልነበረም።

እህቱ ወደ ጓዳ ተመለሰች። የቀረውን ጨረሰችው። አላበላሸችውም፤ እልህዋን ሥራዋ ላይ አትወጣም። እንዲያውም የዚያን ቀን የሰፋችው ስፌት እስከዛሬ ከሰፋቻቸው ሁሉ ይበልጣል።

ጋሼ ወንበሮቹን መኪናዋ ውስጥ ገጠማቸው፤ ከሰዓት ወኪሉ መጣ። ጫማው ያብለጨልጫል፣ አንገቱ ላይ መታወቂያ አንጠልጥሏል። እሷ በተዘጋው በር ጀርባ በእንጨቱ መካከል ባለው ክፍተት ታያለች። ጋሼ ሸራውን ገለጠ። ወኪሉ የመኪናዋን በር ከፍቶ ጎንበስ አለ፣ በወንበሩ ጠርዝ ላይ እጁን ከላይ እስከ ታች አስኬደ፣ ወደ ሌላኛው ዞሮም እንደዚያው አደረገ።

"ይሄ እጅ እኮ የሚገኝ አይደለም። ማነው የሰፋው?"

ጋሼ የገለጠውን ሸራ ማጣጠፍ ጀመረ።

"እኔው ነኝ" አለ።

የጓዳውን በር ከፈተችው። እየጮኸችም እየሮጠችም አይደለም፤ ወጥታ መኪናዋ አጠገብ ቆመች። ልብሷ ላይ የቀይ ቆዳ ብናኝ አለ፣ ጣቶቿ በማጣበቂያ ጠቁረዋል።

"የሰፋሁት እኔ ነኝ" አለች። "ተባራለች የተባለችው እህቱ።"

ወኪሉ አንዴ እሷን፣ አንዴ ጋሼን አየ። "አንቺ አይደለሽ እንዴ ፎቶውን ያወጣሽው?"

"አይደለሁም።"

"ታዲያ ማነው?"

"እሱን አላውቅም። እኔ አለመሆኔን ግን አውቃለሁ።" ወደ ወንድሟ ዞረች። "ጋሼም ከጠዋት ጀምሮ ያውቃል።"

ጋሼ እስካሁን ወዳልሄደችው ሚስቱ ተመለከተ። ስንት ዘመን ነገር ሲበላሽበት ወደ እሷ ያያል፤ ሙሽራም አንድ ነገር ተናግራ ታወጣዋለች። አሁን አዲሱን ስልኳን በሁለት እጇ ይዛ ቆማለች።

"እኔን ምን ታየኛለህ?" አለችው። "ንገረው እንጂ።"

ጋሼ አንገቱን ደፍቶ ተናገረ። ድምፁ ስላልተሰማ ወኪሉ አስደገመው፤ ሁለተኛውን ጊዜ ጮክ ብሎ፣ "እሷ አይደለችም፤ እኔ ነኝ ያለ ጥፋቷ ስሟን የሰጠኋችሁ" አለ።

እሷ እስኪጨርስ ጠበቀች። ከዚያ ጓዳ ገብታ ቦርሳዋን አነሳች፣ የስፌት መኪናዋንም ከሶኬቱ ነቀለች።