ሹፌር ዛሬ ምን በላ?

"ክፈት! አፍህን ክፈት እንጂ!"

ዳሃቦ ኤሊውን በግራ እጇ ጉልበቷ ላይ ይዛ፣ በቀኝ እጇ የሻይ ማንኪያ ወደ አፉ ታስጠጋለች። ማንኪያው ላይ በወተት የራሰ ዳቦ አለ። ወተቱ በኤሊው አገጭ ወርዶ ድሪያ ቀሚሷን አረጠበው እንጂ አፉስ አልተከፈተም። ዓይኖቹም ከትናንት ወዲያ ጀምሮ እንደተጨፈኑ ናቸው።

"አዬዮ፣ እንስሳ እኮ ነው! እንደ ሕፃን አያጎርሱትም፣" አለች ኑርቶ ከበሩ ላይ ሆና። ኑርቶ ግድግዳ የምትጋራት ጎረቤቷ ናት። የመጋላ ሰፈርተኛ ሁሉ ዳሃቦን በልጅ ልጇ በሂሻም አጠራር "አዬዮ" ይላታል፤ አያቴ እንደማለት ነው።

"ዛሬ ዓርብ ነው። ሂሻም ከጁምዓ በኋላ ይደውላል። ምን ልበለው?"

"ሁልጊዜ የምትይውን በይዋ። በልቷል፣ ወፍሯል።"

"አልበላማ!"

"ባለፈው ዓርብስ በልቶ ነበር እንዴ?"

ዳሃቦ ማንኪያውን ሳህኑ ላይ አስቀመጠች።

ኤሊውን ያመጣው ሂሻም ነው፣ ዓምና። በሕይወቱ አንድ ቀን ብቻ የጭነት መኪና ረዳት ሆኖ ወጥቶ፣ ከመልካ ጀብዱ ሲመለሱ መንገድ ላይ አገኘው። "መሃል አስፋልት ላይ እንደ ሹፌር ተዝናንቶ ይሄዳል!" ብሎ ስሙን ሹፌር አለው። ያኔ የሻይ ሳህን የሚያክል ነበር። ዳሃቦ አልሳቀችም። "መኪናው ቢገለበጥስ? ፀሐይ ቢመታህስ?" አለችና በማግስቱ የግቢውን በር ቆልፋ ቁልፉን ጡት መያዣዋ ውስጥ ከተተችው። እናቱ በወሊድ የሞተችበት ልጅ ነው፤ ከአራስነቱ ጀምሮ ያሳደገችው እሷ ናት። ከዚያ ወዲያ ረዳትነት ቀረ።

ከሦስት ወር በኋላ ሂሻም ታህሪብ በሚሉት የድብቅ ስደት ሄደ፤ በጅቡቲ በኩል፣ በጀልባ፣ ማንም ሳያውቅ። ትራሱ ላይ የተወው ወረቀት አጭር ነበር። "አዬዮ፣ ይቅር በይኝ። ሹፌር አደራ። ሳር ስጪው።"

ዳሃቦ እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምራለች፤ ወረቀቱን ደጋግማ አነበበችው። ሳር? ሳር የፍየል ነው። የልጇ አደራ በእሷ ቤት ሳር ሊበላ? ሂሻም የሚወደውን ሰጠችው፤ ዳቦ በወተት፣ ሩዝ፣ በጣም የበሰለ ስፓጌቲ፣ ዓርብ ዓርብ የሥጋ መረቅ። ጭልፊት እንዳይነጥቀው፣ ፀሐይ እንዳያቃጥለው አልጋዋ ሥር እርጥብ ጆንያ ላይ አስተኛችው። ዓርብ ጠዋት በለብታ ውሃ ታጥበውና ጀርባው ላይ ያለውን ድንጋይ የመሰለ ቅርፊት የሰሊጥ ዘይት ትቀባዋለች። ያበራል። ደስ ይላታል።

ሂሻምም በየዓርቡ ሲደውል መጀመሪያ የሚጠይቀው አንድ ነው። "ሹፌር ዛሬ ምን በላ?"

"ሩዝ። አንተስ?"

"እኔም ሩዝ። በሥጋ።"

ባሕር ማዶ፣ ጂዛን ከተማ ምግብ ቤት ውስጥ ሳህን አጥባለሁ ይላል። ስልኩ ግን በየጊዜው ከሌላ ቁጥር ነው የሚመጣው። ድምፁም እየሳሳ ሄዷል።

"አቦ ተነሺ!" ኑርቶ ዘንቢሉን ከምስማሩ አወረደች። "የከብት ሐኪሙ ለጁምዓ ሳይዘጋ እንድረስ።"

ባጃጁ ውስጥ ዳሃቦ ዘንቢሉን አቅፋ ተቀመጠች። ባለባጃጁ በመስታወቱ አያት። "ምንድን ነው እሱ አዬዮ? ዶሮ?"

"ኤሊ ነው። ታሟል።"

"ኤሊ በባጃጅ! በእግሩ ቢነሳማ ለረመዳን ይደርስ ነበር!"

ኑርቶ ሳቀች። ዳሃቦ ግን "ድልድዩ ላይ ቀስ በል፣ አታንገጫግጨው" ብቻ አለች። ከድልድዩ በታች የደቻቱ ወንዝ ደርቆ፣ አሸዋው ላይ ፍየሎች የወደቀ ቅጠል ይለቅማሉ።

የእንስሳት ሐኪሙ ኒቆዲሞስ ይባላል። ከመሃል አገር ከመጣ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ አዛውንትን እንደ ድሬ ሰው "አንቺ" ማለት ገና አልለመደም። ኤሊውን ገልብጦ አየ፤ ከዚያ የጀርባውን ድንጋይ በአውራ ጣቱ ጫን አደረገው። ድንጋዩ እንደ ካርቶን ጎደጎደ። ዳሃቦ ደነገጠች።

"እማማ፣ የት ነው የሚውለው?"

"አልጋዬ ሥር። ምንም አይነካውም።"

"ፀሐይስ?"

"የድሬን ፀሐይ? ሰው ትገድላለች እኮ!"

"ለእሱ መድኃኒቱ ናት። ምን ይበላል?"

ዳሃቦ ቀና ብላ ዘረዘረችለት። ዳቦ፣ ወተት፣ ሩዝ፣ መረቅ። ሐኪሙ ሲሰማ ዓይኑን ወደ ጠረጴዛው ዝቅ አደረገ።

"ይሄ ሁሉ የሱ ምግብ አይደለም፣ እማማ። የሚበላው ሳር ነው፣ ቅጠል ነው፣ ቁልቋልም ይበላል። ድንጋዩ የሚጠነክረው በሳርና በፀሐይ ነው። ዘይቱም ይቅር።"

"እኔ አልበደልኩትም። እኔ ከምበላው የተሻለውን ነው ያበላሁት።"

"አውቃለሁ።"

"ይድናል?"

ኒቆዲሞስ እጁን ሲታጠብ ቆየ። "ዘግይቷል። ፀሐይ ያሙቁት፤ ሲያለከልክ ጥላ ይስጡት። ሳር ፊቱ ላይ ያኑሩለት፣ ግን አያስገድዱት።" የሚደረገውን በወረቀት ጽፎ ሰጣት። ዳሃቦ በሩ ላይ ቆማ አነበበችው። የመጀመሪያው ቃል "ሳር" ነበር። አጥፋ፣ አጥፋ፣ ጡት መያዣዋ ውስጥ ከተተችው።

ሲመለሱ ኑርቶ ከፍየል ተራ አንድ እስር ሳር ገዛች። ዳሃቦ ኤሊውን ግቢው መሃል አስቀመጠችና ወዲያው ጃንጥላ ዘረጋችለት።

"ፀሐይ ነው የተባለው፣ አዬዮ!" ኑርቶ ጃንጥላውን ቀማቻት።

"ትንሽ… አናቱን ብቻ…"

"ወላሂ አጥፈዋለሁ!"

ዳሃቦ መጥረጊያ ይዛ፣ ቁራ የመጣ እንደሆነ ልታባርር፣ አጠገቡ በርጩማ ላይ ተቀመጠች። የጁምዓ ስብከት ከመስጊዱ ድምፅ ማጉያ ይሰማል። ሹፌር አንገቱን አወጣ። መጀመሪያ ትንሽ፣ ከዚያ ከወራት ወዲህ አይታው በማታውቀው ርዝመት። ዓይኖቹ በጠባቡ ተከፈቱ። ወደ ሳሩ አዘነበለና አፉን ከፈተ።

"ኑርቶ! ኑርቶ፣ ነይ እዪ!"

ኑርቶ እየሮጠች መጣች። ኤሊው አፉ እንደተከፈተ ጭንቅላቱን ሳሩ ላይ አሳረፈ። ሁለቱም እስኪነክስ ጠበቁ። ሰላት አልቆ የሰው ድምፅ መንገዱን ሞላው፤ እሱ ግን አልነከሰም። ዳሃቦ እግሩን በጣቷ ነካችው። አልሸሸም። ደግማ ነካችው።

"በቃ፣ አዬዮ። አልቋል፣" አለች ኑርቶ ቀስ ብላ።

ዳሃቦ ከአፉ ሥር አንዲት የሳር ዘለላ አነሳች። ጫፏ እንኳ አልተነካም።

ስልኩ ጮኸ። ቁጥሩ አዲስ ነው።

"አትንገሪው፣" ኑርቶ ክንዷን ያዘቻት። "ልጁ ሰው አገር ነው። ልቡን አትስበሪው፣ አደራሽን!"

ዳሃቦ ስልኩን አነሳች።

"አሰላሙ አለይኩም፣ አዬዮ!"

"ወአለይኩሙ ሰላም፣ ልቤ።"

"ስኳርሽ እንዴት ነው?"

"ደህና ነው።"

"ሹፌር ዛሬ ምን በላ?"

ሩዝ የሚለው ቃል ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጠችው።

"ምንም አልበላም። ሞተ፣ ሂሻም። አሁን፣ እዚሁ ፊቴ። ሳር ስጪው ብለኸኝ ሩዝ ሰጠሁት። ፀሐይ ከለከልኩት። አፉን ከከፈተ ሁለት ሳምንት ሆኖት ነበር፣ በላ ያልኩህ ውሸቴን ነው።"

ኑርቶ ግንባሯን ያዘች። ከወዲያ ማዶ ነፋስ ይሰማል፤ የብዙ ወንዶች ሳልም አለ። የሳህን ድምፅ ግን የለም።

"ግድ የለም አዬዮ… አታልቅሺ። አላወቅሽም።"

"አላለቀስኩም።" ዳሃቦ ዓይኗን በድሪያዋ ጫፍ ጠረገች። "እኔ እውነቱን ነገርኩህ። አሁን አንተ ንገረኝ። ሩዝ በሥጋ እንዳትለኝ። ዛሬ ምን በላህ?"

መልስ አልመጣም። እንዲህ ዝም ሲል ዳሃቦ ሁልጊዜ ቶሎ ወሬ ታስገባ ነበር፤ ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ጎረቤት ሠርግ፣ ያገኘችውን ሁሉ። ዛሬ ግን ስልኩን ጆሮዋ ላይ አጥብቃ ይዛ ጠበቀችው።