ያልታጠፈው ክርን

ዳግማዊት ዱላውን በግራ እጇ ከጀርባዋ አዙራ ወደ ፊት ስትሰደው አያ አስማረ ከተቀመጡበት መደብ ብድግ አሉ።

"ቁሚ!" አሉ። "እዚያው ቁሚ!"

ቆመች። የዱላው ጫፍ ከጓደኛዋ ከጌጤ ጆሮ ግንድ አንድ ስንዝር ሲቀረው አየር ላይ ቀርቷል። ጌጤ እየሣቀች ነበር፤ የአጎቷን ፊት ስታይ ግን ሣቋ ተቋረጠ።  የሽማግሌው ዓይን ዱላውን አልነበረም የሚያየው፤ የታጠፈውን የዳግማዊትን ክርን ነበር።

"ይህን ማን አሳየሽ?"

"አባቴ ነው፣ አያ። ምን አጠፋሁ?"

"አባትሽ የየት አገር ሰው ነው?"

"የጋይንት። ንፋስ መውጫ ነው የምንኖረው።"

"ጋይንት እንዲህ አይመታም" አሉ። ከዚያ ወደ ጌጤ ዞሩና "በይ አንቺ፣ ሂጂና ምሳውን እዪው" አሏት። ጌጤ ሁለቱንም ግራ በተጋባ ዓይን አይታ ወደ ጓዳ ገባች።

ዳግማዊት ዱላውን ዝቅ አደረገች። ከጠዋት ጀምሮ እንዲህ የሚያስደነግጥ ነገር አልነበረም። እንዲያውም ሲሣቁ ነው የዋሉት።

ወገዳ ድረስ ያመጣት ጨዋታ ነው። ንፋስ መውጫ ውስጥ የስፖርት መምህርት ናት፤ ጌጤ ደግሞ እዚያው ትምህርት ቤት ባዮሎጂ ታስተምራለች። ኢዮብ የሚባል የዳግማዊት የኮሌጅ ጓደኛ ደብረ ታቦር ሆኖ አዲስ ጨዋታ እየሠራ ነው። ስልክም ቴሌቪዥንም አይፈልግም። አራት አምስት ሰው ጠረጴዛ ከቦ ይቀመጣል፣ እያንዳንዱ አንድ የፈጠራ ሰው ይሆናል፣ አንዱ ታሪኩን ይመራል፣ ማን እንደቀናውና ማን እንዳልቀናው ዳይስ ተጥሎ ይታወቃል። የጨዋታው አገር ሰባት አምባ ይባላል። ሰባቱም አምባ የየራሱ ልማድ፣ የየራሱ ጠላትና የየራሱ የትግል ስልት አለው። ስልቶቹን መፍጠር የዳግማዊት ድርሻ ነው።

ሥራው ከያዛት ወዲህ እንቅልፍ የላትም። ለብርዱ አምባ ሰዎች ጋቢያቸውን በግራ ክንዳቸው ጠምጥመው እንደ ጋሻ የሚመክቱበት ስልት አወጣች። ለገደሉ አምባ ሰዎች እግራቸውን ከመሬት ሳያነሡ ዳገት ላይ የሚዋጉበትን ሰጠች። በመቋሚያ የሚታገሉ የደብር ተማሪዎችም አሏት፤ እነርሱ በዜማው ልክ ነው የሚራመዱት፣ ዜማው ከጠፋባቸው ይወድቃሉ። ኢዮብ አንድ ነገር አጥብቆ ነግሯታል፦ "መሸነፊያ የሌለው ስልት አልቀበልሽም። ሁሉም የሚከፈትበት በር ይኑረው።" አዲስ አበባ ያለ አንድ ማተሚያ ቤት ሥራው እስከ ሚያዝያ ካለቀ ሊያትመው ቃል ገብቷል።

ከእውነተኛው አገር ልማድም ትቀዳለች፤ የአባቷን ምት የጋይንት ስልት ብላ የመዘገበችው በኩራት ነበር። ወንድ ልጅ የሌለው አናጢ አባቷ፣ ከልጅነቷ ጀምሮ በጓሮ ዱላ እያስያዘ ያስተማራት ምት ነው። የሰማዳንና የእስቴን ስልት ደግሞ አዋቂ ፈልጋ ልትጠይቅ አሰበች። የሴሚስተሩ እረፍት ሲደርስ ለአባቷ "እስቴ ልሄድ ነው" ብላ ወጣች። መንገድ ላይ ጌጤ "መጀመሪያ እኛ አገር ሰማዳ እንግባ፤ አጎቴ ወጣት ሳለ ዱላ ያውቅ ነበር ይላሉ" ብላ ሐሳቧን አስቀየረቻት። እውነትም አያ አስማረ ጠዋቱን ሙሉ አቋቋሙንም ምከታውንም እያሳዩ፣ ለስልቶቹ በሣለቻቸው ሥዕሎች እየተገረሙ፣ "ይኼኛው ሰውዬሽ ወገቡን ሳይቀጭ አይቀርም" እያሉ ሲያስቁዋቸው ነው የቆዩት። ከዚያ "በይ እስኪ የናንተንም አሳዪኝ" አሏት። አሳየቻቸው።

"ተቀመጪ፣ ልጄ" አሉ አያ አስማረ። ድምፃቸው ዝቅ ብሏል። "አትደንግጪ። እኔ ነኝ የደነገጥሁት።"

አጠገባቸው ተቀመጠች።

"ታፈረ የሚባል ጎረቤት ነበረን። ከእርሱ ወዲያ ዱላ አዋቂ በዚህ አገር አልነበረም። ግራኝ ነው። አሁን ያሳየሽኝን ምት ያወጣው እርሱ ነው። ለሁለት ጎረምሶች ብቻ ነው ያስተማረው። አንዱ ወንድሜ ዋሲሁን ነው፤ የጌጤ አባት።"

ዳግማዊት የጌጤ አባት ልጁ ሳትወለድ በዱላ እንደሞተ ታውቃለች። ጌጤ አንድ ቀን ነግራታለች፤ ከዚያ በላይ አላወራችም።

"ሁለተኛው ክንዱ የሚባል ጎረምሳ ነው። የአንድ ሰፈር ልጆች ናቸው፣ አብረው ነው ያደጉ። የጥምቀት ዕለት፣ ታቦቱ ከገባ በኋላ፣ ሜዳው ላይ ዱላ ሊመካከቱ ገቡ። ጨዋታ ነው ያልነው። እኔም ቆሜ አጨበጭብ ነበር።" ክርናቸውን አጥፈው አሳዩዋት። "ይህ ምት ጆሮ ግንድ ጋ ሲደርስ ክርን ይታጠፋል፤ ዱላው ይቆማል። አንቺ አሁን እንዳጠፍሽው። ታፈረ ምቱን ያስተማረው መመለሻውን ካስተማረ በኋላ ነው። 'ዱላ መስደድስ ማንም ይሰዳል' ይል ነበር…"

'መመለስ ነው ሰው መሆን።' ቀሪውን ዳግማዊት በልቧ ጨረሰችው፤ በአፏ አላወጣችውም። በጓሮ፣ ላብ በላብ ሆና፣ ክርኗ እስኪዝል ድረስ የሰማችው ቃል ነው። አባቷም መጀመሪያ ያስተማራት መመለሻውን ነበር። ስድስት ወር ሙሉ ሌላ አላስተማራትም። አንድ ቀን ክርኗን ሳታጥፍ ቀርታ የጓሮውን አጥር ስትሰብረው፣ ፊቱ አመድ መስሎ ዱላውን ከእጇ ነጥቆ ወደ ቤት መግባቱ ትዝ አላት።

"ክንዱ አላጠፈውም" አሉ አያ አስማረ። "ወንድሜ በአፍጢሙ ተደፋ፤ አልተነሣም። እኛ እርሱን ስናነሣ ክንዱ በገደሉ ወረደ። ይኸው ሃያ ስምንት ዓመት። ሞተ የሚልም አለ፣ መነኮሰ የሚልም አለ።"

"ቢያገኙትስ?" አለች ዳግማዊት።

"ያኔ ቢሆን በጥይት ነበር የምቀበለው። አሁን አርጅቻለሁ። አንድ ነገር ብቻ ነው የምጠይቀው፤ ስቶት ነው ወይስ ሆን ብሎ? እርሱን ሳላውቅ እንዳልሞት ነው ጸሎቴ።" ከዚያ ፊቷን ፈልገው አዩዋት። "አባትሽ ስሙ ማን ነው?"

"ፈንታው" አለች። የምታውቀው ስም እርሱ ብቻ ነው።

አያ አስማረ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። "ፈንታው… አላውቀውም። ከታፈረ ያየ ሌላም ሰው ይኖር ይሆናል። አገር ሰፊ ነው።" እንዲህ ይበሉ እንጂ ዱላውን ከመሬት አንሥተው ግድግዳ ጥግ ሲያቆሙት ዓይናቸውን ከዳግማዊት ክርን አላነሡም።

ዳግማዊት "ስልክ ልደውል" ብላ ወጣች።  ከቤቱ ጀርባ የስንዴ ክምር ተደግፋ ቆመች።

አባቷ ግራኝ ነው። የሰማዳ ዘመድ ይቅርና የጋይንት ዘመድም አይታለት አታውቅም፤ "ሁሉም አልቀዋል" ይላት ነበር። ጌጤ መጀመሪያ ቤታቸው የመጣች ዕለት "የማን ልጅ ነሽ?" ብሎ ጠየቃት። ጌጤም "የዋሲሁን፣ ከወገዳ" አለችው። ከዚያን ቀን ወዲህ ጌጤ በመጣች ቁጥር አባቷ አስቸኳይ ሥራ አለብኝ እያለ ወደ አናጢ ቤቱ ይሄዳል። ጌጤም "ጋሼ ፈንታው እኔን አይወዱኝም መሰለኝ" ትል ነበር። እርሷ ደግሞ "ዓይን አፋር ነው" እያለች ስታስተባብል ኖራለች።

ደወለች። ከወዲያ የመጋዝ ድምፅ ይሰማል።

"አባዬ፣ ወገዳ ነኝ።"

መጋዙ ቆመ።

"እስቴ አላልሽኝም?"

"ከጌጤ ጋር ነኝ። አጎቷ ቤት። ያስተማርኸኝን ምት አሳየኋቸው።"

 የተቋረጠ መስሏት ስልኩን ከጆሮዋ አንሥታ አየችው፤ አልተቋረጠም።

"አባዬ፣ ክንዱ ማን ነው?"

 ሲናገር ድምፁ የማታውቀው ሰው ድምፅ ነበር።

"የዋሲሁን ልጅ ሰምታለች?"

ክምሩ ሥር ቁጭ አለች። 'ክንዱ የሚባል አላውቅም' እንዲላት ነበር የጠበቀችው። እንዲቆጣት፣ እንዲስቅባት።

"አልሰማችም" አለች። "ስተህ ነው ወይስ ሆን ብለህ?"

"ያን ጠዋት ከዋሲሁን ጋር በእርሻ ድንበር ተጣልተን ነበር። እናቴን ሰደባት። ከሰዓት ታቦቱ ሲገባ ታረቅን፣ ሣቅን። ሜዳ ገባን። ክርኔን ማጠፍ እችል ነበር፣ ዳጊ። ጊዜ ነበረኝ። ዓይን ጨፍነው እስኪገልጡ ያህል ጊዜ። ያኔ የጠዋቱ ስድብ ትዝ አለኝ።" መጋዙን ሲያስቀምጠው ተሰማት። "ስቼ ነው እያልሁ ኖርሁ። አንዳንዴ አምነዋለሁ። ሌላ ጊዜ ደግሞ አላምነውም።"

"እርሳቸው ይህንኑ ነው የሚጠይቁት። ሃያ ስምንት ዓመት።"

"ነይ ወደ ቤትሽ። ዝም በይና ነይ። ካረጀሁ ወዲያ ለማን ይጠቅማል? ለእናትሽስ አታስቢም?"

"እናቴ ታውቃለች?"

 ስልኩ ተዘጋ።

እዚያው ተቀምጣ ቆየች። ዝም ብላ ብትሄድ ማንም አያውቅም። አያ አስማረ ራሳቸው መውጫ ሰጥተዋታል፤ አገር ሰፊ ነው። ብትናገር ደግሞ የአስማረ ልጆች ምን እንደሚሉ ማን ያውቃል? ሽማግሌው አርጅተው ይሆናል፤ ደሙ ግን ልጆቻቸው ዘንድ አላረጀ ይሆናል። አባቷን በገዛ አፏ ልትሰጥ ነው? ያ አባቷ፣ በብርድ ጠዋት ጋቢውን አልብሷት ትምህርት ቤት የሚያደርሳት ሰው፣ እርሱ ነው የጌጤን አባት የገደለው። ሁለቱን በአንድ ፊት ላይ ልታስቀምጣቸው ሞከረች፤ እምቢ አሏት።

"ዳጊ! የት ጠፋሽ?" ጌጤ በበሩ ብቅ አለች። "ምሳ ቀርቧል። ወደ እስቴ የሚሄደው መኪና ስምንት ሰዓት ላይ ይነሣል፤ ቶሎ በልተን እንውጣ። ምነው? ፊትሽ ምን ሆኗል?"

"ምንም።"

ተከትላት ገባች። አያ አስማረ ከገበታው ፊት ተቀምጠዋል። የተቆረሰው እንጀራ ላይ የባቄላው ወጥ ይተናል። ጌጤ ማስታጠቢያውን ይዛ መጀመሪያ አጎቷን አስታጠበች፤ ከዚያ ወደ ዳግማዊት ዞረች። በዚህ አገር የገዳይ ወገን ከሟች ወገን ጋር ሳይታረቅ ከአንድ ገበታ አይቀርብም። ይህን ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማራትም፤ እንዲሁ ታውቀዋለች። ጌጤ ግን ዓመታት ሙሉ ከእርሷ ጋር በልታለች፣ ሳታውቅ።

"እጅሽን አምጪ እንጂ" አለች ጌጤ ጆጉን ዘንበል አድርጋ። "አያ፣ ልጅቱን ምን ብለው ነው ያስደነገጡብኝ?"

ውሃው መውረድ ጀመረ። ዳግማዊት እጆቿን ሳበችና ጭኗ ላይ አኖረቻቸው።

"ማስታጠቢያውን አስቀምጪውና ቁጭ በይ፣ ጌጤ" አለች። ከዚያ ወደ ሽማግሌው ቀና አለች። "አያ፣ ቅድም የአባቴን ስም ጠይቀውኝ ነበር። ልክ አልነገርሁዎትም።"